«ሁለተኛ ፎቅ» በትክክለኛ ፍጥነቱ

እስከዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ድረስ እህቲቱ ስለ ዘፈኑ የምታውቀው ይህንን ነበር፦ እሷ በሃያ ዓመቷ ዘፈነችው፤ ወንድሟ ቀረጸው፤ ከዚያ ወዲህ የዘፈኑት ሁሉ ከእሷ ይበልጣሉ።

ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም። አሁንም በወንድሟ ልቅሶ ቤት፣ ከጎረቤት በመጡ ወንበሮች መካከል ተቀምጣ፣ የወንድሟ ልጅ ጆሮዋ ሥር የምታንሾካሹከውን እየሰማች፣ «አይሆንም» ብቻ አለች።

«አክስቴ፣ ነገ እኮ ሰው ይበተናል። የባንዱ ልጆች ጊታራቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ዝፈኝለት።»

«እነሱ ይዝፈኑለት። እነሱ ያምርባቸዋል።»

«አባዬ ያንቺን ነበር የሚወደው።»

«አባትሽ ያዝንልኝ ነበር» አለችና ባዶ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

ወንድሟን ሰው ሁሉ ሽቦ ነበር የሚለው፤ አንድም ስለ ቅጥነቱ፣ አንድም ከኪሱ ቁራጭ ሽቦ ስለማይጠፋ። ስቱዲዮው ከጫማ ሰፊው በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ግድግዳዋን በአሮጌ ፍራሽ ሸፍኖ፣ ከታች መዶሻው ዝም ሲል ጠብቆ ይቀርጽባታል። «ሁለተኛ ፎቅ»ም የተቀረጸው እዚያ ነው፤ ጊታሩ የሚጮህ፣ ከበሮው የሚሮጥ፣ መንገድ ላይ ቆማ ፍቅረኛዋን ከፎቅ እንዲወርድ የምትጣራ ልጅ ዘፈን። አዝማቹ ውስጥ «ውረድ» የምትለዋ ቃል ከሁሉም ከፍ ትላለች። ሰው እህቲቱን «ወፊቱ» ያላት በዚያች ቃል ነው።

ከዚያ ሌሎች ያዙት። አንዲት የሠርግ ዘፋኝ አለሳልሳ ዘፈነችው። አንዱ ያለ ቃል በሳክስፎን ተጫወተው። የሳሙና ማስታወቂያ አዝማቹን ወስዶ «ውረድ»ን ለእድፍ አደረገው። በመጨረሻ ሽቦ ራሱ ያሳደጋቸው ወጣቶች ባንድ አቋቁመው ግድግዳ በሚያንቀጠቅጥ ጊታር መለሱት። ሁሉም ያችን ቃል እንደ መጀመሪያው ሸክላ ከፍ አድርገው ይዘዋታል። እህቲቱ ግን ቤቷ ከሬዲዮ ጋር ስትሞክራት ድምፅዋ ይሰነጠቃል። መድረክ ላይ ትደርስባት ነበር፤ የሰዉ ሙቀት ነው ያገዘኝ ትላለች። ሽቦ ሊጠይቃት መጥቶ ሬዲዮው ከእነዚያ አንዱን ሲጀምር ተነሥቶ ያጠፋውና ስለ ዝናቡ ያወራል። እንዳልሳቀቅ ብሎ ነው እያለች ስንት ዓመት አለፈ።

ውኃ ከፍታ ብርጭቆ ማጠብ ስትጀምር ጊታሪስቱ ከኋላዋ ገባ። ከጥንቱ ባንድ የቀሩት እሷና እሱ ብቻ ናቸው።

«እምቢ አልሽ አሉ።»

«ታዲያ በወንድሜ ልቅሶ እንደ ጎረምሳ አውራ ዶሮ ልጩህ? አልደርስባትም።»

«አትደርሺባትማ። መቼ ደርሰሽባት ታውቂያለሽ?»

ዞራ አየችው። ሊቀልድ የመጣ አይመስልም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የሸክላ ቤቱ ሰውዬ ዘፈኑን ሰምቶ ‹ያስተኛል› ያለውን ታስታውሻለሽ? ሸክላው ከመታተሙ በፊት ሽቦ ቴፑን የሚስበው ዘንግ ላይ አንድ ዙር ፕላስተር ጠቀለለበት። ዘንጉ ሲወፍር ቴፑ ይፈጥናል፣ ቴፑ ሲፈጥን ድምፅ ይቀጥናል። ግማሽ ድምፅ ያህል ወጣ። ከአንቺ በኋላ የዘፈኑት ምስኪኖች ጉሮሯቸውን የጨረሱት የቴፕ ሞተር ሲያሳድዱ ነው።»

«መድረክ ላይስ?»

«አንቺ መስታወት ፊት ስትቆሚ ሽቦ ይጠቅሰኛል፤ እኔና ባሲስቱ ክሮቻችንን አላልተን ዘፈኑን እናወርደዋለን። አንድም ቀን አልረሳም።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ሊነግርሽ ነበር። ሰዉ ወፊቱ ሲልሽ ስትስቂ አየና አንጀቱ እምቢ አለው። ሬዲዮ ላይ ሌሎቹ ሲዘፍኑት ግን መቀመጥ አይችልም፤ ‹እኔ ነኝ የማስጮሃቸው› ይላል።»

ያጠበችውን ብርጭቆ ደግማ አጠበችው።

«ወፊቱ እኔ አልነበርኩማ።»

«አልነበርሽም። ያንቺ ወፈር ይላል። ሽቦ ቤቱ የሚያዳምጠው ፕላስተር ያልነካውን ቴፕ ነበር፤ እኔን እንኳ በልመና ነው ያሰማኝ።»

«ይሄ ሌባ» አለች። ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነባትና ጊታሪስቱ ቧንቧውን ዘጋላት።

በማግስቱ ወጣቶቹ መጡ። ዘፋኛቸው ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻት።

«እትዬ፣ እርስዎ ይምሩን፤ እኛ እናጅባለን።»

«ግማሽ ድምፅ አውርዱት። ከበሮውም አይሩጥ።»

ወጣቶቹ ተያዩ። «ሸክላው ላይ ግን እንደዚያ አይደለም» አለ አንዱ።

«ሸክላው ቸኩሎ ነው።»

«ተመስገን» አለች ዘፋኟ፤ «እኔ እኮ እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ሁሌ ልሞት ነው የምለው።» ያለችበት ቤት ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች። ከለቀስተኞቹ ጥግ የታፈነ ሳቅ ተሰማ፤ እህቲቱም ፈገግ አለች።

ጊታሪስቱ ጀመረ። አዝማቹ ሲቃረብ እህቲቱ የወንድሟን ልጅ እጅ ያዘች። «ውረድ» አለች፤ ቃሏ ወፍራ፣ ሳትሰነጠቅ ወጣች። ዘፈኑ እስኪያልቅ እጇን አልለቀቀችም።

ማንም አላጨበጨበም። የወንድሟ ልጅ በቀረው እጇ በስልኳ ቀርጻው ነበር። ከሸክላው ጋር ሲያስተያዩት በአሥራ ሁለት ሰከንድ ይረዝማል።