የተወደሰው ፉጨት

…እና አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው፣ ድምፅ ስትሰሚ ተጫኚው፣ ካልሰማሽ ተዪው፣ ቀላል ነው እህቴ፣ ሕፃናትም ይሠሩታል ብላታለች የጆሮ መርማሪዋ፣ ቀላል ነው እንዴ፣ ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ፣ በሩ እንደ ፍሪጅ በር ጥርቅም ብሎ በሚዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የገዛ ምራቅን ሲውጡ መስማት ቀላል ከሆነ፣ አዎ፣ ቀላል ነው። ቀዩ ማዳመጫ ቀኝ ጆሮዋ ላይ፣ ሰማያዊው ግራው ላይ። ቀኙ አልፏል፣ ቀኟ የትንኝ ሹክሹክታ እንኳ አላመለጣትም፣ የግራውም ወፍራም ወፍራሙ ድምፅ አልፏል፣ የቀረው የግራው ቀጫጭኑ ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ የነሳትም እሱ ነው፣ ስለ ሌላው ማን ጨነቀው።

የእጇን ነው ያገኘችው። ዕድሜዋን ሙሉ ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ነበረች እኮ፣ ሥራዋ ነው፣ ሰው ይዘፍናል እሷ ትቀዳለች፣ ጊታሩን፣ ድራሙን፣ የዘፋኙን ድምፅ ቦታ ቦታቸውን አስይዛ ሚክስ ታደርጋለች፣ ስንቱን ደረቱን የነፋ ዘፋኝ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ዘግታበት፣ አንዴ እንድገመው፣ አሁንም አንዴ፣ እያለች በላብ አጥምቃዋለች፣ አሁን ላብ የሚወርደው በእሷ ጀርባ ነው። ልብሽን ዝም አሰኚው። ልብ ዝም ይላል እንዴ።

ፉጨት። ሁሉም ያሉት ፉጨት ነው። የወንድሟ ባንድ አልበም ነው፣ ዝገት ይባላል፣ ፖስት ፓንክ ነው፣ ጊታሩ እየፋቀ፣ ድራሙ እየሮጠ፣ ወንድሟ ግማሹን ዘፍኖ ግማሹን ጮሆ፣ ደግሞ ዘፈኑ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ መጋዝ ብቻ የሚሰማበት፣ እናታቸው ጆሮዋን ይዛ ልጆቼ፣ ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ጎረቤት ተጣልቶ ነው ያለችለት አልበም። ማንም አይገዛውም ብለው ነበር። ከዚያ ምላጭ ጻፈ፣ ምላጭ የሚሉት ሃያሲ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የስንቱን ጉራ የላጨ ሰውዬ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈ፣ በዚህ አልበም ከሁሉ በላይ የሚደንቀው ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው በግራ ጆሯችን ላይ ሳያቋርጥ የሚወርደው ስለታም ፉጨት ነው፣ ቀኝ ጆሯችን ሙዚቃ ሲያዳምጥ ግራው ፍርድ ይሰማል፣ ይህን የመሰለ ጭካኔ የተሞላበት ድፍረት ከድምፅ ባለሙያ ጠብቄ አላውቅም። ወንድሟ ከእሳት ምልክት ጋር ልኮላት ወጥ ቤት ቆማ ወተት እያፈላች ነው ያነበበችው፣ አነበበችና፣ የቱ ፉጨት።

የቱ ፉጨት?

ማዳመጫዋን አምጥታ ሰማች፣ የለም። ድምፁን ከፍ አደረገች፣ ጊታር አለ፣ ድራም አለ፣ ወንድሟ አለ፣ ፉጨት የለም። እና ያን ጊዜ፣ ምን እንዳሳሰባት እንጃ፣ ማዳመጫውን ገልብጣ የግራውን ቀኝ ጆሮዋ ላይ ደቀነችው፣ ቢላዋ ሳህን ላይ የተጎተተ ያህል ጥርሷን አፋጨው፣ ዘልላ ተነሣች፣ ወተቱ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው። እዚያው ነበር፣ ሁልጊዜም ነበር፣ እሷው ናት ያስቀመጠችው፣ የግራው ቀጭን ድምፅ አነሰ፣ አሁንም አነሰ፣ ትንሽ ጨምሪበት እያለች፣ በግራ ጆሮዋ የማይገባላትን ለዓለም ሁሉ አብዝታ የላከችው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ሁሉ እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ነው የምታነበው። ጋዜጣው፣ ድፍረት ተብሎ የቀረበልን ጆሮ ማሳከክ ብቻ ነው አለ፣ ግራ ጆሮ ማለቱ ነው። ሬዲዮ ላይ ያቺ ስቃ የማትጠግበው አቅራቢ፣ እኔስ በአንድ ጣቴ ደፍኜ ነው የጨረስኩት አለች፣ ግራዋን ነው የደፈነችው። አንዱ አድማጭ፣ አልበሙን ስከፍተው ውሻዬ ሶፋ ሥር ገብቶ አልወጣም ብሎ ጻፈ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም፣ ውሻው ሰምቷል፣ ውሻ የሰማውን አልሰማችም። ግጥሙ ላይ አልተስማሙም፣ ድራሙ ላይ ተናከሱ፣ ወንድሟን አንዱ ነቢይ አለው አንዱ ዱርዬ፣ በእሷ በሽታ ላይ ግን የወደደውም የጠላውም አንድ ቃል ሆነ። ሐኪም ሳያያት አገር መረመራት።

ቲት። ሰማች? ተጫነች። አይ፣ እሱ የሆዷ ድምፅ ነው መሰል። ትረጋጋ።

ወንድሟ ግን ጠይቋት ነበር፣ ገና ሳይወጣ፣ ስቱዲዮው ውስጥ፣ ያ የተቀደደው ወንበር ላይ እግሩን ሰቅሎ። እትዬ፣ ይሄ በግራ በኩል ያለው የሚያሳክክ ነገር፣ ሆን ብለሽ ነው? የቱ፣ ልትል ነበር፣ ሁለት ፊደል ናት፣ የቱ፣ አፏ ላይ ደርሳ ነበር፣ ዋጠቻትና አዎ፣ አለች፣ ሆን ብዬ ነው። ፈራች። ከዚያ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ያበደ ነገር ነው! ቀወጥሽው እኮ እትዬ፣ በቃ ማንም አልነካውም፣ እያለ አቅፎ አሽከረከራት፣ እሷም አብራው ሳቀች። ለምን አዎ አለች? ስለፈራች ነው፣ ሌላ ምን አለው። የድምፅ ባለሙያ ጆሮዋ ከሄደ ምን ቀራት፣ አናጢ ሁለት እጁን እንደተቆረጠ።

እና አባቷ። አይ፣ አባትሽን አሁን አታምጪው። መጣ። አባቷ ብየዳ ቤት ሲሠራ ኖሮ፣ ብረት ሲቀጠቅጥ፣ ብረት ሲቆርጥ፣ ጆሮው ቀስ በቀስ ጥሎት ሄደ፣ መስማቱን ሲያቆም አልተናገረም፣ አፍረት ነው መሰል፣ የሰውን ከንፈር እያየ እሺ፣ እሺ ማለት ብቻ ጀመረ። ሻይ ይምጣልህ፣ እሺ እሺ። ዛሬ ብርድ ነው፣ እሺ እሺ። የገዛ ወንድሙ ሲሞት ሊያረዱት መጥተው ሲነግሩት ፈገግ ብሎ፣ እሺ፣ እሺ። ያን ፈገግታ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አልረሳውም፣ እሷ ደግሞ በሩ ሥር ቆማ አይታዋለች። ባለፈው እናቷ በግራዋ ተቀምጣ፣ ምነው አንቺ ልጅ፣ እንደ አባትሽ ስንቴ ልጥራሽ፣ አለቻት፣ ቀልዷን ነው። ቀልድ ነው ያለው ማን ነው።

ትልቁ ስቱዲዮ ባይደውል እስከ ዛሬም እዚህ አትመጣም ነበር። ባለቤቱ ራሱ ነው የደወለው፣ ድምፁ ቅቤ የጠጣ፣ የእኔ እመቤት፣ ያንን የግራውን ነገር እንፈልገዋለን፣ የእኛ ልጆች ሊሠሩት ሞክረው አቃታቸው፣ ምስጢሩ አንቺ ጋ ነው፣ ለሁሉም ባንዶቻችን ታደርጊልናለሽ አይደል። እሺ፣ አለች። ከዚያ ሌላ ነገር አለ፣ ስልኩን በግራ ጆሮዋ ይዛው ነበር፣ ምን እንዳለ አልለየላትም፣ ደግማ እሺ አለች፣ ፈገግ ብላ፣ ስልክ ላይ፣ ማንም በማያያት። እሺ፣ እሺ። ስልኩን ዘግታ መስታወት ፊት ሄደች፣ የአባቷ ፈገግታ ፊቷ ላይ ነበር፣ በማግስቱ ቀጠሮ ያዘች።

አሁን የግራው ቀጭን ተጀምሯል። ዝም ብሏል። ዝም ብሏል፣ እና መስታወቱን ታያለች፣ ከመስታወቱ ወዲያ መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ተቀምጣለች፣ ነጭ ጋውን፣ ክርኗ ጠረጴዛው ላይ፣ ክርኗ ትንሽ ነቅነቅ ይላል፣ ይቆማል፣ ነቅነቅ። ኦ። ነቅነቅ ሲል ነው የምትልከው። ነቅነቅ፣ ተጫነች። ይቆማል፣ ጠበቀች። ነቅነቅ፣ ተጫነች። መርማሪዋ ራሷን በመስማማት ነቀነቀች፣ በጣም ጥሩ ነው እህቴ፣ አለች በቀኙ ማዳመጫ፣ ሰው ሲያመሰግናት ደስ ይላታል፣ ድሮም እንዲሁ ናት። በክርን እየሰማች ነው። እያጭበረበረች ነው፣ ማንን ነው ግን የምታጭበረብረው፣ ይህቺን ምስኪን ሴት? ጤነኛ ነሽ የሚል ወረቀት ይዛ ትወጣለች፣ ለወንድሟ ታሳየዋለች፣ ትልቁ ስቱዲዮ ትገባለች፣ ከዚያስ፣ ከዚያ ባንዱ መስታወት ውስጥ ሲጫወት እሷ ቅንድባቸውን እያየች ልትሠራ ነው፣ አንዱ ፊቱን ሲያኮማትር ቀንሺ፣ ሲስቅ ጨምሪ፣ አንድ ቀን ቅንድቡን የማያንቀሳቅስ ሰው ይመጣል። አባቷ ከንፈር፣ እሷ ክርን። እግዚኦ።

ነቅነቅ።

አልተጫነችም። እጇን አነሣች፣ መርማሪዋ ቀና አለች፣ ምነው፣ ደከመሽ እህቴ? ይቅርታ፣ አለች፣ ድምጿ ስፖንጁ ውስጥ ገብቶ ቀረ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ክርንሽን እያየሁ ነበር የምጫነው። መርማሪዋ መጀመሪያ አልገባትም፣ ከዚያ ክርኗን አየችና ሳቀች፣ ክፉ ሳቅ አይደለም፣ አንቺ ብቻ መሰልሽ፣ መንጃ ፈቃድ የሚያድሱት አባቶችማ ይሄን ሰውነቴን ሲያነቡት ውለው ይገባሉ፣ በይ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሪልኝ፣ ቀጫጭኑን ብቻ እንደግመዋለን፣ ተዘጋጅተሽ ጠብቂኝ። እንድገመው። ያቺ የእሷ ቃል።

ወንበሩን አዞረች። ስፖንጅ፣ ግራጫ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው። ዓይኗንም ጨፈነች፣ ራሷን ስላላመነች ነው፣ አሁን ምንም የለም፣ አውራ ጣቷና ቁልፉ ብቻ። ፈርታለች፣ በጣም ፈርታለች፣ ቢሆንም ከክርኑ ይሻላል። ትጠብቃለች። ሴትየዋ ወረቀት እየለወጠች ይሆናል። ወይ ስልክ ተደወለላት፣ እነዚህ መሥሪያ ቤቶች ስልካቸው አያልቅም። ደሟ በቀኝ ጆሮዋ በኩል ሹሹሹ ይላል፣ አንጀቷ ይንጫጫል፣ ወንበሩ ሲጥጥ ይላል፣ ወንድሟ ከሩቅ የአልበሙን የመጨረሻ ዘፈን ይጮሃል፣ ብረት ሲያለቅስ ዝገት ይስቃል፣ ዝም በል አንተ፣ አሁን አይደለም። ስትወጣ ትነግረዋለች። በቃ ዛሬ፣ ያ የተቀደደው ወንበር ላይ አስቀምጣው፣ ሆን ብዬ አልነበረም ወንድሜ፣ ትለዋለች፣ ይቆጣል፣ ወይ ያለቅሳል፣ ወይ ጭራሽ ይስቅና እሱ አይደል ፖስት ፓንክ ማለት ይላል፣ ያደርገዋል፣ እሱን ማን ያምነዋል። ምናልባት ደግሞ ያን ያህል አይሆንም። አንዷን፣ አንዷን ቀጭን ብትሰማ ይበቃታል፣ ክር የምታህለውን። ይቺ ሴት ደግሞ ቆየች፣ ምን ነካት፣ ሰው እንዲህ ያስጠብቃል? አይዞሽ፣ አትቸኩዪ፣ ስትጀምር ትሰሚያለሽ፣ እስክትጀምር ነው፣ ጣትሽን አታንሺ፣ ገና ነው፣ ገና

ጨረስን እህቴ፣ ይላል በቀኙ ማዳመጫ የመርማሪዋ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳቁ ጠፍቶበት፣ ሁሉንም ልኬልሽ ነበር፣ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ መጥቼ በሩን ልክፈትልሽ?

አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ እንዳለ ነው።

እሺ፣ ትላለች። እሺ።