ከጀርባ የታሰረው ቋጠሮ

አንባቢ ሆይ፥ ሰው በዚህ ኃላፊና ጠፊ ዓለም ከሚፈጽማቸው በደሎች ሁሉ ጽኑዕና መሪር የሆነው፥ ጸሐፊው መርምሮ እንደ ተረዳው፥ በጥላቻ የተሠራው ሳይሆን በፍርሃት የተሠራው ነው፤ ጠላቱን የበደለ ቢያንስ ቍጣውን ምክንያት ያደርጋል፥ ወዳጁን ፈርቶ የካደ ግን ምን ብሎ ሕሊናውን ያጽናናል? ይህን የምለው ስብከት አምሮኝ አይደለም፤ የሲላስ ፔንሮዝ ነገር ቢያንገበግበኝ ነው እንጂ።

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመነ መንግሥት፥ በለንደን ከተማ፥ ጃስፐር ዊክ የሚባል መልከ መልካምና ድምፀ ሠናይ ተዋናይ ነበረ፤ ሥራውም የሴት ቀሚስ ለብሶ፥ ሰው ሠራሽ ጠጕር ደፍቶ፥ እመቤት መስሎ መጫወት ነበር፥ ሕዝቡም ወንድነቱን እያወቀ ያጨበጭብለት ነበር። ሲላስ የቲያትር ቤቱ አልባሽ ነበረና፥ ኮርሴት የተባለውን የወገብ ማጥበቂያ ከጀርባው ቆሞ በክር ሸብ የሚያደርግለት እርሱ ነው። ሁለቱ ዐሥራ አንድ ዓመት በአንዲት ጠባብ ቤት፥ በአንድ ማዕድና በአንድ አልጋ፥ ባልና ሚስት እንደሚፋቀሩ ተፋቅረው ኖሩ፤ ይህ ፍቅር በዚያ አገር ሕግ ወህኒ የሚያስወርድ ነበርና ለጎረቤት "የአክስት ልጆች ነን" ይሉ ነበር። ሕጉስ ቢሆን እንዴት ያለ ግብዝ ነበር እቴ! መድረክ ላይ ሲያዩት እሰይ የተባለለት ቀሚስ፥ ያው ራሱ፥ አንድ ክንድ ከደጅ ቢወጣ ወንጀል ይባል ነበር።

አንድ ቀን በቀትሩና በሠርኩ ትርኢት መካከል ጃስፐር ራበው። ኮርሴቱን ፈትቶ መልሶ ማሰር አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጃል፤ ሲላስም ጣቶቹ ዝለው ነበርና፥ "ተወው፥ አንፍታው፤ ዳቦ ቤቱ እዚሁ አፍንጫችን ሥር አይደለም? እንደ ለበስህ ሮጥ ብለህ ተመለስ" አለው። ጃስፐር "ብያዝስ?" ቢለው፥ "እኔ የት ሄጄ! መጥቼ አስፈታሃለሁ" ብሎ ሳቀ። ወይ ነዶ! ጃስፐር ትኩሱን ዳቦ እንደ ያዘ ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ፖሊስ ያዘው።

በማግሥቱ ረፋድ፥ ያንኑ ቀሚስ እንደ ለበሰ፥ ጢሙ አጐጥጕጦ፥ ሕዝብ እየተሳለቀበት በዐውደ ፍርድ አቆሙት። ዳኛውም፥ "ለሥራ የለበሰውን ሳያወልቅ ለአፍታ ብቻ የወጣ መሆኑን አልባሹ በመሐላ ቢያጸና በነጻ ይሄዳል፤ ያለዚያ ሁለት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ይታሰራል" አለ። ሲላስ ለምስክርነት ቀረበ። አንዲት እውነተኛ ቃል ትበቃ ነበር፤ ነገር ግን ዐቃቤ ሕጉን ቀና ብሎ ቢያየው፥ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "የት ታድራለህ? ከማንስ ጋር?" የሚል እንደ ሆነ ገባው። "ጌታዬ፥ እኔ ትርኢቱ እንዳለቀ ልብሱን ተረክቤዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንዴት ለብሶት እንደ ወጣ አላውቅም" አለ። ዳኛው ወደ ተከሳሹ ዞሮ፥ "ታዲያ ማን አለበሰህ?" ብሎ ጠየቀ። ጃስፐር ሲላስን አየት አደረገውና፥ "ክቡር ዳኛ፥ ራሴ ለበስሁት፤ ማሰሪያውንም በገዛ እጄ አጠበቅሁት" አለ። ኮርሴት ከጀርባ የሚታሰር ነውና ለባሹ ራሱ እንዲያ አድርጎ ሊያጠብቀው አይቻለውም፤ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ይህን ያውቁ ነበርና እርስ በርሳቸው ተያዩ፥ ዳኛው ግን በዕድሜው ኮርሴት አስሮ አያውቅምና አመነ። ሁለት ዓመት ፈረደበት።

ጃስፐር በሁለተኛው ዓመት፥ በብርዱ ወራት፥ ሳንባው ታሞ በወህኒ ሞተ። ልብሱም በከረጢት ተቋጥሮ ወደ ቲያትር ቤቱ ተመለሰ፤ ሲላስ ሲከፍተው፥ ወህኒ ጠባቂዎቹ ኮርሴቱን ከጎኑ በመቀስ ቀደው አውልቀውለት ኖሮ፥ እርሱ የቋጠረው ቋጠሮ እንደ ጠበቀ አገኘው። "ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!" እያለ አለቀሰ፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ምን ይረባል? ዕድሜውን ሙሉ ያን ኮርሴት ከራስጌው አኖረው፥ ቋጠሮውንም ሊነካው አልደፈረም። እጅ ያሰረውን እጅ ይፈታዋል፤ አንደበት ያሰረውን ግን፥ የታሰረው ከሞተ በኋላ፥ ማን ይፈታዋል?