ደህና ነው ይላል

«ፈርሚ እንጂ! እስክሪብቶው ይነክስሻል?» አላት ሞረዳ።

ወርቂቱ አልፈረመችም። አባቷ ዋቅወያ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ድንኳኑ በለቀስተኛ ታጭቋል። የእናቷ ወንድም፣ ኤሱማዋ ሞረዳ ግን ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የቀበሌ ስብሰባ የሚመራ ይመስላል። ማመልከቻው አጭር ነው፤ ሐረግወይን የምትባል የሆስፒታል ሠራተኛ ወዛደሩን ዋቅወያን ከአቅሙ በላይ እያስሮጠች ገድላዋለች፣ ነገሩ አሻጥር ነው፣ ትታሰርልን። ከታች የምስክር ስም፦ ወርቂቱ ዋቅወያ።

«ኤሱማ፣ አባቴ በሁለት ክራንች ነው የሮጠው?»

«አባባል ነው!»

«በአባባል ሰው ይታሰራል?»

አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። ሳቃቸውን ይሁን ድንጋጤያቸውን የሚሸፍኑት እንጃላቸው።

«እሷም ሰው ሆና ታሾፋለች» አለች አንዷ በሹክሹክታ። «ምስኪን! የተሰበረ እግር ያርፋል እንጂ ይራመዳል?»

«ያቺ እግር አስለማጅ ናት የጨረሰችው» አለች ሌላዋ።

ወርቂቱ ንፍሮውን ከነሳህኑ ብትደፋባቸው ደስ ባላት። ለቅሶ ቤት የገባ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። አባቷን ሆስፒታል ሲያመላልሱት ግን ከእነዚህ ሐኪሞች አንዱም አልነበረም። የነበረችው እሷ ናት፣ አምስተኛ ክፍልን አቋርጣ፣ ሁለት ወር ሙሉ።

ዋቅወያ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። ዲጋ ላይ ቡና ሲጭን ከመኪና ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ጀሶው ሲፈታ እግሩ ቀጥኖ፣ ደርቆ፣ የሌላ ሰው እግር መስሎ ወጣ። ያንን እግር መልሶ መራመድ ማስተማር የሐረግወይን ሥራ ነበር። ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፤ ኦሮምኛዋ «አከም» ከሚለው ሰላምታ አያልፍም። የዋቅወያም አማርኛ ከገበያ አያልፍም። ስለዚህ መሐላቸው ወርቂቱ ቆመች።

«ደህና ናቸው ወይ በያቸው» ትላለች ሐረግወይን ጉልበቱን እያጠፈች።

«ፈያ፣ ገለታ ዋቃ» ይላል ዋቅወያ። ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለአምላክ። ሌላ ምን ይበል? እሱ ባደገበት አገር ደህና ነህ የተባለ ሰው ደህና ነኝ ነው የሚለው፤ ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን መጀመሪያ ሰላምታውን ይመልሳል፣ ከዚያ ውኃ ይጠይቃል። ሐረግወይን ግን ሰላምታውን ተቀብላ ካርዱ ላይ ትጽፈዋለች፦ ሕመም የለም። ከዚያ ጉልበቱን ትንሽ ጨምራ ታጥፈዋለች። እሱ ላቡ ይንጠባጠባል፤ እሷ ወርቂቱን እያየች ስለ ነገ ቀጠሮ ታወራለች።

አንድ ሰኞ፣ «ባታቸው ካበጠ ወይም ከጋለ ዕለቱኑ ንገሩኝ፤ ቀልድ አይደለም» አለች። ወርቂቱ አንዲት ቃል ሳትጥል ተረጎመችለት።

ሐሙስ ጠዋት ባቱ አብጦ ተገኘ። እናቷ ድርቤ ጣቷን ስታሳርፍበት ዋቅወያ ጥርሱን ነከሰ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ወርቂቱ፣ «ዛሬ እነግራታለሁ» አለችው።

ክራንቹን አቁሞ ክንዷን ጨበጣት። «ምን ብለሽ? ልጄ በምትሆን ሴት ፊት ሱሪዬን ሰብስቤ ልንሰቅሰቅ? መቶ ኪሎ የተሸከምኩ ሰውዬ? ደህና ነው በያት። አባትሽ ነኝ፣ አዝዤሻለሁ!»

ሐረግወይን ሱሪውን ከፍ እንዲያደርግ ጠየቀች። ዋቅወያ በእጁ ጥፍር አድርጎ ያዘው። እሷም አፈረችና ተወችው።

«ምን ይላሉ?»

«ደህና ነው ይላል» አለች ወርቂቱ።

ዓርብ ጠዋት፣ ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ እንዳለ ትንፋሹ ተቆረጠ። ዶክተሩ፣ ባቱ ውስጥ የረጋ ደም ሳንባው ገብቶ ነው አለ።

ለቀስተኛው ሁሉ ድንገት ወደ ድንኳኑ በር ዞረ። ሐረግወይን ጥቁር ነጠላ ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች።

«ዋቅኒ ኢሲን ሃጀጀቤሱ» አለች እየተንተባተበች። አምላክ ያጽናችሁ።

«በምን ዓይንሽ መጣሽ?» ሞረዳ ተነሣ። «ወርቂቱ፣ ፈርሚ! ራሷ መጥታልሻለች!»

ወርቂቱም ተነሣች። ሦስት ቀን ያፈነችው ነገር በኦሮምኛም በአማርኛም እሳት ሆኖ ወጣ።

«አብጦ ነበር! ባቱ አብጦ ነበር፤ አየሁት። ደህና ነው ይላል ያልኳት እኔ ነኝ። አትንገሪ አለኝና ዋሸኋት!»

«ልጅቱ ኀዘን ነካት» አለች አንዷ።

«አልነካኝም! አንቺም ሲስተር፣ ኦሮምኛውን ዛሬ ተማርሽው? ሁለት ወር ሙሉ ከእኔ ጋር ስታወሪ ፊቱን አንድ ቀን አየሽው? ላቡን አየሽው? ዓይንም አስተርጓሚ ይፈልጋል?»

ወርቂቱ ወደ ለቀስተኛው ዞረች።

«እሱስ! መቶ ኪሎ የተሸከመ ሰው አንዲት ‹አመመኝ› ከበደችው!»

«ሙት አይወቀስም!» ጮኸ ሞረዳ።

«እኔ እወቅሰዋለሁ፤ አባቴ ነው! ማመልከቻህን ጻፍ ኤሱማ፣ ግን የሦስታችንንም ስም ጻፍ። እሱን ከመቃብር አውጥታችሁ እሰሩት። እኔ እዚህ ነኝ፣ አልሸሽም።»

ሞረዳ ሰዉን አየ፤ ሰዉ መሬት መሬቱን አየ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ተቀመጠ።

«ደህና ናቸው ወይ ብዬ መጠየቅ አልነበረብኝም» አለች ሐረግወይን። «የቱ ጋ ነው የሚያምዎት ማለት ነበረብኝ።»

«አዎ፣ ነበረብሽ» አለች ወርቂቱ። አልማረቻትም። ራሷንም አልማረችም። ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቤት ገባች።

ድርቤ ሰሌኑ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ውጭ የተባለው ሁሉ ተሰምቷታል። ወርቂቱ ጥፊውን ጠበቀች። ቢመጣ ይሻላት ነበር። ጥፊ አልመጣም። እናትየው ሦስት ቀን ሙሉ ከታጠፈው እግሯ አንዱን እያቃሰተች ዘረጋች።

ወርቂቱ እግሯ ሥር ቁጭ አለችና ቁርጭምጭሚቷን ያዘች። ፊቷን እያየች፣ በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ተጫነችው።

«እዚህ ጋ ነው?»

ድርቤ አይደለም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ወርቂቱ እጇን ትንሽ ከፍ አደረገች። «እዚህስ?»

አሁንም ነቀነቀች። ከዚያ የልጇን እጅ ከእግሯ ላይ አነሣችው፤ ወስዳም የራሷ ደረት ላይ አስቀመጠችውና በሁለት እጇ ተጫነችው።