ሣህሊቱ ዓይኗን የከፈተች ጊዜ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ጥላው ለሁላችን ይበቃል። የቆማችሁም ተቀመጡ፤ ይህ ነገር ቆመው የሚሰሙት አይደለም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሱዳን አገር ገዳሪፍ ገበያ አጠገብ ጀማሉ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። ሕፃን ማንሳት እንደ እሱ የሚያውቅበት አልነበረም። ጨቅላ ለብቻው አይቀመጥማ! ስለዚህ እናቲቱን ወንበር ላይ ያስቀምጥና ልጁን ጭኗ ላይ አድርጎ፣ እሷን በጥቁር ጨርቅ ከራሷ እስከ እግሯ ያከናንባታል። በፎቶው ልጁ ብቻውን እንደ ንጉሥ ተቀምጦ ይወጣል። ከዚያ ልጁ ወደ እሱ እንዲያይ የቁልፍ ዘለላውን ያንሿሿል፣ እንደ ግልገል ይጮኻል። ሚስቱ ዙህራ ከጓዳ ሆና፣ «እኔንም አንድ ቀን እንዲህ ብታባብለኝ ምን ነበረበት!» ትለዋለች።

አንድ ረፋድ ላይ ደብሪቱ የምትባል የአርማጭሆ ሴት ልጇን ሣህሊቱን አቅፋ ገባች። ባሏ ጋረደው እሷ እርጉዝ ሳለች ለሰሊጥ አጨዳ ዶካ ወርዶ እዚያው ቀርቷል፤ ልጁን አያውቃትም።

«አያ ጀማሉ፣ አንሳልኝ። ዶካ የሚሄድ ሎሪ አለ፤ ሾፌሩ ያደርስልኛል። ዓይኗ ቁርጥ የአባቷ ነው፤ ዓይኗን ይይልኝ።»

ጀማሉ ልጅቱን ገልጦ አያት። ክንዷ ከአውራ ጣቱ አይወፍርም፤ ዓይኗ ተከድኗል።

«እታለም፣ ሐኪም ቤት አይሻልም?»

«ከዚያው ነው እኮ የመጣሁት። ‹ውሰጃት› አሉኝ።»

ደብሪቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ልጅቱን ጭኗ ላይ አደረጋት፤ ቁልፉን አንሿሿ፤ እንደ ግልገል ጮኸ። ልጅቱ ንቅንቅ የለም። ዙህራ ወጥታ ስኳር ውሃ በጣቷ ከንፈሯን አራሰችላት፤ ያን ቀን አላሾፈችም። ደብሪቱ አጎንብሳ «ሣህሊቱዬ፣ ሣህሊቱዬ» ትላለች።

ጀማሉ ያልሞከረው አንድ ዘዴ ቀርቶት ነበር። ሕፃን የእናቱ ድምፅና ፊት ድንገት ሲጠፋው ዓይኑን ገልጦ እንደሚፈልግ ከሥራው ያውቃል።

«ተከናነቢ» አላት። «እንዳትተነፍሺ።»

ደብሪቱ ጨርቁ ውስጥ ገባች። ቤቱ ጭጭ አለ። ትንሽ ቆይታ ሣህሊቱ ዓይኗን ከፈተች፤ ትልቅ፣ ጥቁር ዓይን። ወዲህ አየች፣ ወዲያ አየች። ለማልቀስ አቅም የላትም። ጀማሉ የካሜራውን መጫኛ ተጫነው።

«ኸላስ! በቃ፣ ወጣልን!»

ደብሪቱ ጨርቁን ገፍፋ ስታጎነብስ የልጅቱ ዓይን ተከድኗል። ብትጠራት፣ ጉንጯን ብትነካካት፣ ወየው!

«ዓይኗን ከፍታ ነበር፣ አያ ጀማሉ?»

«ከፍታ ነበር።»

«ማንን አየች?»

መዋሸት አቃተው። «አንቺን ትፈልግ ነበር።»

«ከሥሯ ነበርኩ እኮ» አለች ደብሪቱ። «እዚሁ ከሥሯ።»

ፎቶው ሳይደርቅ ልጅቱ ዐረፈች። ደብሪቱ ወረቀቱን ተቀብላ ብዙ አየችው፤ የልጅቱ ዓይን ወደ ጎን ነው የሚያየው። ከዚያ ለሾፌሩ ሰጠችው፤ ለአባቷ ነዋ የተነሳችው። ጀማሉ በሩ ላይ ቆሞ ሎሪው እስኪርቅ አየ፤ ሌላ ምን ያድርግ?

እናንተም ልጆቼ፣ ሣህሊቱ የምትባል ሕፃን ነበረች በሉልኝ። ስሟን አትርሱብኝ።