ሁሪያን አዲስ አበባ ያሳዩበት ቀን

ከድጃ ያን ቅዳሜ ማለዳ ተነሥታ «ዛሬ ሁሪያን ከተማውን እናሳያታለን!» ስትል ቤቱ ሁሉ ወዲያው ተስማማ። መስማማቱ ራሱ የሚገርም ነበር። ከድጃ የሁሪያ ባል የኢስሐቅ ታላቅ እህት ናት። ሁሪያ፣ ኢስሐቅና የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ሉባባ ጦርነቱ ከመርሳ አፈናቅሏቸው ኮልፌ እሷ ቤት ከተጠለሉ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ እንኳ «ኑ እንናፈስ» ያላቸው አልነበረም።

ሁሪያ መሄድ አልፈለገችም። አባቷ ሼህ ኡበይደላ «ላሞቹን ለማን ጥየ?» ብለው መርሳ ቀርተዋል። ስኳር አለባቸው፤ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ መድኃኒት አይገባ፣ ስልክ አይሠራ። ግራና በምትባለው ከተማ በኩል በእግሩ ሾልኮ የወጣ ሰው አለ ከተባለ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። «አባየን አይታችኋል?» ትላለች። ቀንም ሌትም ከዚህ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

«ደህና ናቸው፤ ዛሬ እንኳ ትንሽ ተናፈሽ» አለ ኢስሐቅ ዐይኑን ከጫማው ላይ ሳያነሣ። «ስልክሽን እኔ ልያዘው። ከተማው ሌባ ነው።»

ዞሩ እንግዲህ። ምን ያልዞሩት አለ! ከጦር ኃይሎች በከተማው ባቡር ተሳፍረው ስታዲየም ወረዱ፤ መስቀል አደባባይን በእግር አቋረጡ፤ ፒያሳ ወጥተው የወርቅ ቤቶቹን መስኮት እያዩ ተመኙ። አንበሳም አይተዋል። አንበሳው ተኝቶ ነበር፤ በዚያ ጥቅምት ግን ሰው የሚፈራው ሌላ ስለነበር አንበሳው ማንንም ግድ አልሰጠውም።

ከዚያ አንድ ትልቅ ሕንጻ ውስጥ ገብተው በራሱ የሚሄድ ደረጃ አገኙ። ሁሪያ አንድ እግሯን አስቀድማ፣ ፈርታ መልሳ ስታነሣው፣ ጫማዋ እዚያው ደረጃው ላይ ቀረና ብቻውን ወደ ላይ ወጣ።

«ጫማየ ጥሎኝ ሄደ!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ከመርሳ ከወጣች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ሌሎቹ አልሳቁም። ከድጃማ ዞር ብላ በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። ሁሪያም «አዘነችልኝ» ብላ ወደደቻት። የዋህ!

ነገሩ የፈረጠው ምሳ ላይ ነው። ከድጃ ጥብሱን አዘዘች፣ ሩዙን አዘዘች፣ ጭማቂውን አዘዘች። «ብይ፣ በሞቴ፣ አሁን ደህና አርገሽ ብይልኝ» እያለች ሳህኑን ትገፋለች። በሰው ፊት ሚስቱን አጉርሶ የማያውቀው ኢስሐቅ እንኳ አጎረሳት። ደገማት። በሦስተኛው ጉርሻ ሁሪያ ማኘኳን አቆመች።

መርዶ የሚረዳ ሰው ለቅሶው ከተጀመረ እህል አይቀምስምና አስቀድሞ በዘዴ እንዲበላ እንደሚደረግ ለእሷ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ስንቱን ራሷ አዘናግታለች! የጎረቤቷ የማሚቴ ወንድም የሞተ ጊዜ፣ ሽማግሎች በማግስቱ ንጋት መጥተው እስኪያረዷት ድረስ፣ ማሚቴን ወልድያ ገበያ ወስዳ ቀኑን ሙሉ ያዞረቻት፣ ሽሮ ፍትፍት ያበላቻት እሷው ነበረች። ያኔ ደግነት መስሏት ነበር።

ወንድምና እህት እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሡ ሁሪያ ወደ ልጇ ዞረች።

«ሉባባ፣ አባባ ሞተዋል?»

ልጅቱ ሩዙን በጣቷ ወዲያ ወዲህ ገፋች። «ነገ ጠዋት ነው የሚነገርሽ» አለች።

ለሁሪያ ቀድሞ የተሰማት ሐዘን አልነበረም። መከዳት ነበር። ባዳውስ ይሁን፣ ባሏ፣ ከሆዷ የወጣችው ልጇ፣ ቤት ሙሉ ሰው ያወቀውን የአባቷን ሞት ያላወቀችው እሷ ብቻ ሆነች! ጥርሷን ሲያዩ ውለዋል።

ኢስሐቅ እጁን እያራገፈ ተመለሰ፤ ፊቷን አይቶ ባለበት ቆመ።

«መቼ ነው የሞቱት?»

«ሁሪያ...»

«መቼ ነው አልሁህ!»

«ሁለት ሳምንት ሆናቸው» አለ። «መድኃኒቱ አልቆባቸው ነው። በውርጌሳ በኩል አልፎ የመጣ ሰው ነው የነገረን። ዘመድ እስኪሰባሰብ ብለን...»

ከድጃ ሮጣ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። «እህትየ፣ በአላህ፣ እዚህ ሰው መሀል አይሆንም። ድንኳኑም ታዝዟል፣ ሽማግሎቹም ለነገ ተጠርተዋል። ዛሬን ብቻ ቻይው።»

ሁሪያ አልሰማቻትም። ሁለት ሳምንት! ከየሰላቱ በኋላ እጇን ዘርግታ «ያ ረቢ፣ አባየን አሽርልኝ፣ ዕድሜያቸውን አርዝምልኝ» እያለች የከረመችበት ሁለት ሳምንት።

«አንተም አጠገቤ ተቀምጠህ» አለችው ባሏን፣ «‹አሚን› ስትል ከረምህ።»

 ሁሪያ የከድጃን እጅ ከክንዷ ላይ አስለቀቀች። ከወንበሩ ወርዳ፣ ተመጋቢው ሁሉ እያያት፣ መሬት ላይ ተቀመጠችና «አባየ!» ብላ ጮኸች።