የአቧሬ መዳፍ

ቀቢዋ ሥልጠናውን የጀመረችው በልጇ ንዝንዝ ነው። «እማ፣ ዕድሜ ልክሽን ሮለር ስትገፊ ልትኖሪ ነው? ወገብሽ እኮ አለቀ!» እያለች ልጅቱ ጧት ማታ ስትጨቀጭቃት፣ «እሺ በቃ፣ ተመዝግቤልሻለሁ፤ አሁን ጆሮዬን ተይልኝ» ብላ ገባችበት። ሰርተፍኬቱን ካገኘች የዝገት መከላከል ተቆጣጣሪ ትሆናለች። ሌላው ይቀባል፣ እሷ ትመረምራለች፣ «ይፋቅ!» ካለች ይፋቃል። ለጎበጠ ወገብ ከዚህ የበለጠ ምን ሹመት አለ?

አስተማሪውን ሠልጣኞቹ «ሦስት ዲግሪ» ይሉታል። ሦስት ጊዜ ተመርቆ እንዳይመስላችሁ! የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚይዝበት ሙቀት ቢያንስ በሦስት ዲግሪ ካልበለጠ ቀለም አይቀባም የምትለዋን ሕግ እንደ ጸሎት ስለሚደግማት ነው። ፈገግ ማለት የሚያስቀጣው የሚመስለው ደረቅ ሰው ነው፤ ክፋት ግን የለበትም።

አንድ ቀን ታዲያ ክፍል ውስጥ ጓንቱን አወለቀና መዳፉን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«ይኼ ከዝናብ የባሰ ጠላት ነው» አለ። «በአሸዋ ተመትቶ የጸዳ ብረት እርቃኑን ነው። በባዶ እጅ ከነካችሁት የላባችሁ ጨው እዚያው ይቀራል። ቀለም ትደርቡበታላችሁ፣ ያምራል፣ ትታችሁት ትሄዳላችሁ። ጨው ግን እንቅልፍ የለውም። እርጥበት ይስባል፣ ከሥር ከሥር ያስበላል፣ ከዓመታት በኋላ እጃችሁ ራሱ ዝገት ሆኖ ቀለሙን ገንጥሎ ይወጣል።»

ሌሎቹ አቀርቅረው ጻፉ። ቀቢዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። አቧሬ ትዝ አላት።

አቧሬ ባሏ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ሥራው ብረትን በአሸዋ ግፊት እየመቱ ማጽዳት ነበር፤ ከቅንድቡ እስከ ጫማው በአቧራ ቡን ብሎ ስለሚውል ነው ይኼ ስም የወጣለት። ያው አሸዋ ኋላ ሳንባውን ጨረሰው። እንደዛሬው አየር የሚያስገባ ቆብ የለ፣ ምን የለ፤ አፉ ላይ ጨርቅ አስሮ ነው ዕድሜውን የፈጀው። ወይ ነዶ! ከሞተ ወዲህ እንኳን መዓዛው፣ አቧራው ይናፍቃታል። የበሩን ምንጣፍ የሚያቆሽሽ ሰው ጠፍቶ ምንጣፉ አዲስ እንደሆነ ቀረ።

ገና ሳይጋቡ ነው፣ የሚሠሩበት ወርክሾፕ ግቢ ውስጥ ትልቁ የብረት ውሃ ታንከር ሲቆም። እሱ ፊት ፊት እየመታ ያጸዳል፣ እሷ ከኋላው እየተከተለች ትቀባለች። ሲበዛ ዓይን አፋር ነበር፤ አንዲት ቃል ለማውጣት ሲያምጥ ይውላል። አንድ ቀን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጓንቱን አወለቀና ላብ ያጠመቀውን መዳፉን በበሩ በኩል ባለው ንጹሕ ብረት ላይ ለጠፍ አድርጎ፣ «እዚህ ጋ ስትደርሺ ሰላም በይኝ» ብሏት ሮጠ። ደረሰች። የሚታይ ነገር አልነበረም። እየሳቀች ሰላም አለችውና ቀባችው። ጥፋት መሆኑን ማን ነግሯቸው! ፍቅር የያዘው ሰው ስለ ጨው ምን አገባው?

ወርክሾፑን ከለቀቀች ቆይታለች። ከዚያ ትምህርት በኋላ ግን «ወጥቶ ይሆን?» የምትል ጥያቄ እንቅልፍ ነሳቻት። የተግባር ፈተናው እዚያው ግቢ፣ እዚያው አሮጌ ታንከር ላይ እንደሚሰጥ ሲነገር ልቧ ሊፈነዳ ደረሰ።

«መምህር፣ በበሩ በኩል ያለውን ፊት ለእኔ ይስጡኝ» ብላ ለመነች። ፀሐይ የሚመታው ፊት ስለሆነ ሌሎቹ ደስ አላቸው። ሕጉ ይኼ ነው፦ ብልሽቱን ሁሉ በጠመኔ ይከብባሉ፣ ምክንያቱን ይናገራሉ፣ ምን ይደረግ እንደሆነ ያዛሉ። አንድ ብልሽት እንኳ የዘለለ ወደቀ።

በደረቷ ትክክል አገኘችው። ቀለሙ ተነስቶ፣ ቡናማው ዝገት አምስት ጣት ሆኖ ወጥቷል። ትንሿ ጣት ጫፏ የለም፤ የአቧሬን ትንሽ ጣት ማሽን ነበር የቆረጠው። «መጣህ እንዴ?» አለችው በሹክሹክታ።

ሌላውን ሁሉ ከበበች፤ ስንጥቁን፣ ያበጠውን፣ የሳሳውን። ያን ግን እያየች ዘለለችው። ከከበበችው በአሸዋ ይመታል፤ ከተመታ አቧሬ ሁለተኛ ሊሞት ነው። ሰርተፍኬቱ ገደል ይግባ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ ወረቀቱ ቀርቶባት ሞኝነቱን ልትይዝ ቆረጠች።

ሦስት ዲግሪ መጣ። ምልክቶቹን አየ፣ መዳፉንም አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ፣ «እትዬ፣ የቀረዎት የለም?» አላት። ሌላ ተፈታኝ እንደዚያ ጠይቆ አያውቅም ነበር።

መዳፉን መልሳ አየችው። የዝገቱ መሐል ጠልቋል፤ ቢቆይ ብረቱን በስቶ ውሃውን ያፈሰዋል። አቧሬ ደግሞ በሥራው ቀልድ አያውቅም። ቢያያት ምን እንደሚላት ድምፁ ሳይቀር ተሰማት፦ «አንቺ! ታንከር አስበስተሽ ነው እኔን የምትናፍቂው?»

በእንባዋ መሐል ሳቋ አመለጣት። ጠመኔውን አነሳችና ከበበችው።

«ምክንያቱ?» አለ ሦስት ዲግሪ።

«ከቀለም በፊት በባዶ እጅ ተነክቷል።»

«ምን ይደረግ?»

«ይመታ» አለች። «እስከ ንጹሑ ብረት ድረስ።»

አለፈች። ያንን ፊት የማስጠገኑን ሥራም ለእሷው ሰጧት። ብረቱ ሲመታ ቆማ አየች። አቧራው ሲበርድ ዝገቱ የለም፤ ብረቱ ፍክት ብሏል። ጠጋ ብላ ግን አየችው። ዝገቱ ቢሄድም የበላው ቦታ አልሞላም፤ መዳፉ ከነአጭሯ ጣት ብረቱ ላይ ሰርጉዶ ቀርቷል። ጥልቀቱን ለካች። ከተፈቀደው በታች ነው፣ ይቀባል። ሳታስበው ጓንቷን ማውለቅ ጀምራ ነበር።

«እትዬ!» አለ ሦስት ዲግሪ ከኋላዋ።

«አውቃለሁ፣ መምህር» አለችና መልሳ አጠለቀችው። ያን ያህል ዓመት ናፍቃ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆማ፣ አልነካችውም።

ተቀባ፣ ተደረበ፣ ደረቀ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ብቻዋን ተመለሰች። ለዓይን ምንም የሚታይ የለም። ጓንቷን አውልቃ መዳፏን ቀለሙ ላይ አሳረፈች፣ በጣቶቿም ፈለገች። ስርጉዱን አገኘችው፤ ትንሿ ጣት ጋ ስትደርስ አጠረባት።

«ደረስኩ፣ አቧሬ» አለች። «ሰላም ነህ?»