የሚያዘው ድምፅ

«ፊልሙን ዳይሬክት ያደረገው ወንድምሽ ነው ይባላል» አለኝ ከዳኞቹ አንዱ የሆነው ሃያሲ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ። ከመቼው «አንቺ» ሊለኝ እንደበቃ እንጃ።

ለሴት ዳይሬክተሮች የሚሰጠው ሽልማት ሊታወጅ ጥቂት ቀርቶታል። ያለነው ከመድረኩ ጀርባ፣ ተዋንያን በሚኳኳሉባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የዳኞቹ ሰብሳቢ፣ አንጋፋዋ ተዋናይ፣ መስተዋቱ ፊት ተቀምጣለች። ካሜራ የያዘልኝ ታላቅ ወንድሜ ላፕቶፑን ታቅፎ ጥግ ይዟል።

«ማነው ባዩ?» አልኩ።

«ራሱ ነዋ። በሬዲዮ።»

ዞር ብዬ ወንድሜን አየሁት። ጫማውን ያያል። ባለፈው ሳምንት ስለ ካሜራ ሥራ ሊጠየቅ ሬዲዮ ጣቢያ መሄዱን ነግሮኛል። «ፊልሜን ዳይሬክት ሳደርግ ያየሁትን መከራ» እያለ ማውራቱን ግን አልነገረኝም። ደሜ ፈላ። ዓመታት የለፋሁበትን ሥራ በአንድ ቃለ መጠይቅ አፈፍ!

«ጋዜጠኛው ነው ዳይሬክተር ብሎ የጀመረው» አለ ወንድሜ። «እኔም... ዝም ብዬ ቀጠልኩበት።»

«አፍ የለህም? ተሳስተሃል አይባልም?»

«ተረጋጊ ልጄ» አለች ሰብሳቢዋ። «የወንድ ሥራ በሴት ስም ገብቶ ብንሸልመው፣ ነገ ሽልማቱ መሳቂያ ነው የሚሆነው። አንዳች ማስረጃ አሳዩንና እንገላገል።»

ማስረጃማ ሞልቷል ብዬ ነበር። በእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የሚያዘው ድምፅ ተቀድቷል፤ ያልተቆረጠው ቅጂም ወንድሜ ላፕቶፕ ውስጥ አለ። «ክፈትላቸው» አልኩት። ከፈተ።

«ይጀምሩ!» ይላል አንድ ጎርናና ድምፅ።

«ልድገመው እንዴ?» ይላል ሌላ ጎርናና ድምፅ።

«ይድገሙት!»

ሃያሲው ፈገግ አለ። «ሁለት ወንዶች ናቸው።»

አልፈረድኩበትም። ጉሮሮዬን ከታከምኩ ወዲህ ድምፄ ቁርጥ የወንድሜን ሆኗል፤ ስልክ ሳነሳ «አቤት ጌታዬ» ነው የምባለው። ይሄ አንሶ፣ የ«እርስዎ»ን ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ። በሌሎች ሰዎች ቀረጻ ላይ ስሠራ ስድብ ጠግቤ ስለነበር፣ በራሴ ሥራ ላይ ከተዋናይዋ እስከ ሾፌሩ ማንም ማንንም «አንተ፣ አንቺ» እንዳይል ከለከልኩ። ቤት ውስጥ «እቱ» የሚለኝ ወንድሜ እንኳ ካሜራውን ሲያነሳ «እርስዎ» ይለኝ ነበር። ጨዋነት ይልመድብን ብዬ ነው። ያ ጨዋነት አሁን ጉድ ሠራኝ፤ «እርስዎ» ወንድ ይሁን ሴት በምን ይታወቃል?

«አንዱ ድምፅ የኔ ነው፤ የማዘው እኔ ነኝ» አልኩ።

«የሚያዘው እሱ፣ የሚታዘዘው አንቺ ብትሆኚስ?» አለ ሃያሲው።

«ተዋናይዋን ጠይቋት!»

«ጓደኛሽ አይደለችም እንዴ? ያንቺኑ ነው የምትለው።»

የቀረኝ አንድ ቀረጻ ብቻ ነው። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ስንቀርጽ የእንፋሎት ቧንቧ ፈንድቶብን ነበር። እንፋሎቱ ተዋናይዋን አልነካትም፤ አንሶላዎቹን እንዳቀፈች ጭጋጉ ውስጥ ቆማ ቀረች። ያኔ ሕጉም «እርስዎ»ውም ገደል ገባ። ፊልሙ ላይ የኛን ጩኸት አጥፍተን ሙዚቃ አስገብተንበታል እንጂ፣ ወንድሜ ያን ቀን ያለውን እሱም እኔም አንረሳውም።

«የእንፋሎቱን ክፈት» አልኩት።

ጣቱ ቁልፉ ላይ ቀረ። «ጠፍቷል መሰለኝ።»

«አልጠፋም።»

«እቱ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማዬ ሬዲዮውን ሰምታለች። ልጄ ሊሸለም ነው ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣለች።»

«ለሴቶች የሚሰጥ ሽልማት?»

«እሱን አላጣራችም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈነዳ ነበር።

ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አየች። «እንግዲህ ካልሆነ ለሁለተኛዋ ልንሰጥ ነው። አትቀየሚን፣ ልጄ።» አዳራሹ ውስጥ ማይክሮፎን ሲሞክሩ ይሰማል። ላፕቶፑን መንጠቅ አያቅተኝም። ግን ከነጠቅኩት በኋላ ወንድም ብዬ የምጠራው ሰው አይኖረኝም። ዓይን ዓይኑን አየሁት። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል። የዛሬን ያህል ጠልቼውም አላውቅም፣ የዛሬን ያህል አሳዝኖኝም አያውቅም።

ከፈተው።

የእንፋሎቱ ፉጨት ክፍሏን ሞላት። ተዋናይዋ ጮኸች። ቀጥሎ አንዱ ጎርናና ድምፅ፣ በፍርሃት እየተንቀጠቀጠ፦

«እቱ! ላቁም ወይስ ልቀጥል? ንገሪኝ! ኧረ ንገሪኝ!»

«ደህና ናት፣ ቀጥል!» አለ ሌላው።

«‹ንገሪኝ›» አለች ሰብሳቢዋ ደግማ። «ወንድ እንዲህ አይባልም።» ሃያሲው መነጽሩን አደረገና ግድግዳውን ማየት ጀመረ።

«የሬዲዮውስ?» አለችው ወንድሜን።

«ውሸት ነው» አለ። ላፕቶፑን ዘጋው።

ተጠራሁ። መድረኩ ላይ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ መብራቱ ዓይኔን እንደወጋኝ ብቻ አውቃለሁ። ስወርድ ወንድሜ ደረጃው ሥር ቆሟል፣ ስልኬም ይጮሃል። እማዬ ናት። እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ አነሳሁት።

«ምነው አንቺ ወጣሽ? እሱ የታለ?»

«ፊልሙ የኔ ነው፣ እማዬ። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ከኋላዋ ጎረቤቶቿ ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል። «ቢሆንስ» አለች በመጨረሻ፣ «ምናለ ለወንድምሽ ብትተዪለት? ታላቅሽ አይደል?»

ስልኩን ለወንድሜ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። እጄን አላጠፍኩም። እማዬ «ሃሎ? ሃሎ?» ትላለች። ሰዎች እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ መጥተው ፊታችንን እያዩ ይመለሳሉ።

ወሰደው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ፊልሙ የሷ ነው። በሬዲዮ ዋሽቼ ነው።»

«ታዲያ አንተ ያን ሁሉ ጊዜ ከቤት እየጠፋህ ምን ስትሠራ ነበር?»

ዓይን ዓይኔን እያየ መለሰላት።

«ያዘዘችኝን።»